የመኝታ ቤት ሻጋታ በሐዋሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ዝናቡ ከመጋቢት ወዲህ እስከ መስከረም ይመላለሳል። ለኑሮ ደስ የሚል አየር ነው፤ ይኸው አየር ግን ለሻጋታም ይመቻል። ክረምቱ ሲያልፍ ቁምሳጥን የሚያንቀሳቅስ ሰው ጀርባው ጠቁሮ ያገኘዋል። ሻንጣ ውስጥ የከረመው ጋቢ ይሸታል። ከዚያ ቀለም ቀቢ ይጠራል፣ በዓመቱ ደግሞ ያው ጥቁር ነገር ይመለሳል። ከቀለም በፊት መታወቅ ያለባቸውን ነገሮች እነሆ።

ቤቴን በየቀኑ አጸዳለሁ። ሻጋታው ከየት መጣ?

የጽዳት ጉድለት አይደለም፤ እንዳታፍሩበት። የሻጋታ ዘር በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በየትኛውም አየር ውስጥ አለ። እናንተም ቤት፣ ጎረቤትም ቤት፣ ሆቴልም ውስጥ። ለመብቀል የሚጠብቀው ውሃ ብቻ ነው። ምግቡን በራሱ ያገኛል፦ አቧራ፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ቀለም ሁሉ ይበቃዋል።

ውሃው ወደ መኝታ ቤት የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። ከመሬት ወደ ላይ ይወጣል። ከጣሪያ ወደ ታች ይወርዳል። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፦ ከራሳችን ይወጣል። የተኛ ሰው በትንፋሽና በላብ በሰዓት 40 ግራም ገደማ እርጥበት ወደ ክፍሉ ይለቃል። ባልና ሚስት ከአንድ ልጅ ጋር መስኮት ዘግተው 8 ሰዓት ከተኙ፣ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ አየሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም ገደማ እንፋሎት ይሸከማል። 15 ዲግሪ ሲሆን 13 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። ሊነጋጋ ሲል የውጭው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፣ አጠገቡ ያለው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ የማይችለውን ውሃ ግድግዳው ላይ ይጥለዋል። «ግድግዳው አላበው» የምንለው ይህንን ነው። የክፍሉ አየር ሊሸከም ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ሻጋታ ይቸገራል። ግድግዳው አጠገብ ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ቀናት ከቆየ ግን ይበቅላል።

ውሃው ከግድግዳው ይሁን ከአየሩ እንዴት ልወቅ?

ገንዘብ የማያስወጣ ሙከራ አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ውሰዱ። የተጠረጠረው ቦታ ላይ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ላስቲኩን ለጥፉት። አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር እሸጉ። ለ2 ቀን አትንኩት።

ከዚያ በማለዳ፣ መስኮት ሳትከፍቱ ዳብሱት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው፤ ከመሬት ይሁን ከፈሰሰ ቧንቧ ገና ይፈለጋል። ጠብታው ከፊት፣ እናንተ በኩል ከሆነ ግድግዳው ጥፋት የለበትም፤ የክፍሉ አየር ነው። ሁለቱም በኩል ከረጠበ ሁለት ችግር አለባችሁ።

የሻጋታው ቦታም ይናገራል። ከወለሉ ተነስቶ እስከ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለ እርጥበት፣ ቀለሙ እየተላጠ ከሆነ፣ የመሬት ነው። ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ከታየ የጣሪያ ነው። የግድግዳ የላይኛው ማዕዘን፣ የቁምሳጥን ጀርባ፣ የአልጋ ራስጌ ከጠቆረ የአየር ነው።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ግድግዳው ላይ ወጣ። ሻጋታ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ጨው ነው። ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ከሲሚንቶውና ከአፈሩ ያሟሟውን ይዞ ይወጣና ሲደርቅ እዚያው ይተወዋል። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ከሟሟ ጨው ነው። በረኪና አያስፈልገውም። በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት፣ ከዚያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ።

መስኮት ክፈቱ ትላላችሁ። በሐዋሳ ቢምቢ እንዴት ይሆናል?

የብዙ ሰው ጥያቄ ይህ ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ወባ ባለበት ከተማ «ለሻጋታ ብላችሁ ከፍታችሁ እደሩ» ማለት አይቻልም። ሰው ገና ሳይመሽ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፣ እስኪነጋ አይከፍትም፣ ጠዋት ደግሞ ወደ ሥራ ስለሚቸኩል እንደተዘጋ ትቶት ይወጣል። ክፍሉ ሙሉ ቀንና ሌሊት አይተነፍስም። በእኔ እምነት የዚህ ከተማ የመኝታ ቤት ሻጋታ አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

መፍትሔው ወንፊት ነው። የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም ተሠርቶለት መስኮቱ ላይ በደንብ የሚገጥም፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው የትንኝ ወንፊት። ለቀለም ከምታወጡት በፊት ለዚህ አውጡ። አናጺ የሚሠራላችሁ ከሆነ ፍሬሙ ተነቃይ ይሁን፤ ወንፊት አቧራ ሲይዝ አየር አያሳልፍም፣ በየጊዜው መታጠብ አለበት። ጠርዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግን ቢምቢውም ይገባል። ወንፊት ገጠማችሁ ብላችሁ አጎበሩን እንዳታወርዱት።

አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ አየሩ በደንብ አይለዋወጥም። ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ክፈቷት፤ እሷንም በወንፊት ሸፍኗት። አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው እርጥበቱን ይዞ የሚሄደው።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። የውጭ አየር በጣም እርጥብ የሚሆነው ንጋት ላይ ነው፤ በጣም የሚደርቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ዋናው ነው። ቀን ቤት ሰው ከሌለና ሌባ ካሳሰባችሁ፣ የብረት ፍርግርግ ያለውን መስኮት ከወንፊቱ ጋር ክፍት መተው ይቻላል። ጠዋት ከአልጋ ስትነሱም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከፈት አድርጉ፤ የሌሊቱ ትንፋሽ ይውጣ። አልጋውን ወዲያው አታንጥፉ። ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ ፍራሹ ይናፈስ።

እየዘነበስ?

ዝናቡ ወደ ውስጥ የሚረጭ ከሆነ ዝጉ። ካባራ በኋላ ክፈቱ። በክረምትም ቢሆን ተዘግቶ ከሚውል ክፍል አጭር ጊዜ የተከፈተው ይሻላል።

ቁምሳጥኑ ጀርባ ብቻ ነው የሚሻግተው። ለምን?

ቁምሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ስለተጣበቀ ነው። እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ አየር አይዘዋወርም፣ የክፍሉ ሙቀትም አይደርስም። ግድግዳው በውጭ በኩል ከሆነ ደግሞ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጀርባው ችፑድ ከሆነ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል።

ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ጎትቱት። ከተቻለ በሁለት ክፍል መካከል ወዳለው የውስጥ ግድግዳ አዙሩት። እግሩ ስር እንጨት አድርጉና ከሊሾው ከፍ ይበል። ልብስ አታጭቁበት። ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግተው የሚተኙ ሰዎች ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ ስፖንጁ የላባችሁን ውሃ ይወስዳል፣ ሊሾው ቀዝቃዛ ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በየሌሊቱ ይረጥባል። ርብራብ እንጨት እንኳ ከስሩ ቢደረግ አየር ያገኛል። ካልሆነ በየጠዋቱ ግድግዳ አስደግፋችሁ አቁሙት።

ጣሪያዬ አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ቀዳዳ የለውም። ኮርኒሱ ግን ነጠብጣብ አወጣ።

ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊት ከሆነ ጥርጣሬው ሌላ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩ ራሱ በታች ይቀዘቅዛል። ከቤት የወጣው እንፋሎት በኮርኒሱ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ስር ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ሊነጋጋ ሲል ኮርኒስ ላይ የሚሰማው ጠብታ ይህ ሊሆን ይችላል። ከታች ያለው ችፑድ ይረጥባል፣ ቀን ይደርቃል፣ ማታ ደግሞ ይረጥባል።

ቀዳዳ ፍለጋ ጣሪያ ላይ ከመውጣት በፊት በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል ያለው ባዶ ቦታ አየር ያገኝ እንደሆነ እዩ። ብዙ ቤት ወፍና አይጥ እንዳይገባ ተብሎ ዙሪያውን ተደፍኗል። በሁለት ትይዩ ጎን በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ ይከፈትለት። የኮርኒሱን ስንጥቅና የመብራት ገመድ መግቢያውን ድፈኑ። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ማድረግ ያለባችሁ።

ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን የሚስማር ጎማ፣ የቆርቆሮ መደራረቢያና የአሸንዳ ነገር ነው። አሸንዳ በቅጠል ከተዘጋ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ከመጋቢት በፊት አስጠርጉት።

ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ማቆም ይቻላል?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃው ፈስሶ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዝናብ በበዛበት ዘመን ከፍ ይላል፣ ሐይቁ ዳር ባለው ዝቅተኛ ሰፈር የመሬት ውስጥ ውሃም አብሮ ይቀርባል። ብሎኬትና ልስን ደግሞ ቡና የነካ ስኳር እንደሚያደርገው ውሃ ወደ ላይ ይስባሉ። ቤት ሲሠራ መሠረቱና ግድግዳው መካከል ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ወይም ሬንጅ ካልተደረገ የሚያግደው የለም። አዲስ ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። ቤቱ ከቆመ በኋላ ማስገባት ብዙ ጣጣ ነው።

ለቆመ ቤት ከውጭ ጀምሩ። ግቢው ውስጥ ቁሙና ግድግዳውን ተመልከቱ። የውጭው አፈር ከቤቱ ወለል በላይ ነው? በብዙ ሰፈር መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሏል፣ ግቢውም በአፈር ተሞልቷል፣ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይቆፈር። መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘንብል። ሮቶው መኝታ ቤቱን ተደግፎ ቆሞ ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ ተንሳፋፊው ይሠራ፣ ወይም ሮቶው ይነሳ። የልብስ ማጠቢያው ቧንቧ ግድግዳው ስር ከሆነም እንዲሁ። አበባ ደስ ይላል፤ ግን ግድግዳውን ታክኮ ተተክሎ በየቀኑ የሚጠጣው ውሃ የናንተ መኝታ ቤት ይገባል።

ብዙ ሰው የሚያደርገውና የማይሠራው ነገር፦ የረጠበውን ክፍል በሲሚንቶ መለሰን ወይም ሴራሚክ መለጠፍ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከሴራሚኩ በላይ ይወጣል። ምንጩ ከተዘጋ በኋላ የተበላሸውን ልስን አንሱ፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ ከዚያ ኖራ ያለበት ልስንና የኖራ ቀለም ተጠቀሙ። ኖራ እንፋሎት ያሳልፋል፤ ሻጋታም ኖራ ላይ በቀላሉ አይበቅልም።

ያለውን ሻጋታ እንዴት ላጽዳ?

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ራሳችሁ ትችላላችሁ። ልጆችና አስም ያለበት ሰው ከክፍሉ ይውጡ። ማስክና ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ክፍሉን ይሞላዋል። መጀመሪያ በውሃ አርጥቡት። በፈሳሽ ሳሙና ፈግፍጉ፣ ጨርቁን ጣሉት፣ በንጹሕ ውሃ አጥቡና በደንብ አድርቁ። ለሴራሚክና ለብረት ይህ ብቻ ይበቃል።

በረኪና ከተጠቀማችሁ በ4 ሊትር ውሃ ከአንድ ብርጭቆ አይብለጥ። ላዩን ያነጣል፤ ልስንና እንጨት ውስጥ የገባውን ግን አይደርስበትም። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላልም።

የሻገተ ስፖንጅ፣ ያበጠ ችፑድ፣ የጀሶ ቦርድ ግን አይድንም። ያሳዝናል፤ መጣል ነው።

ፀረ ሻጋታ ቀለም ብቀባስ?

በደረቀ ግድግዳ ላይ ይረዳል። በእርጥብ ግድግዳ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው። ፕላስቲክ ቀለም ውሃውን ያፍነዋል፣ ያብጣል፣ ይላጣል። አዲስ ልስንም ቢያንስ 4 ሳምንት ሳይደርቅ ስቱኮና ቀለም አይወድም።

ከሰል አቀጣጥዬ ክፍሉን ላድርቀው? ዕጣንስ? ጨውስ?

ከሰል በተዘጋ መኝታ ቤት፣ አይሆንም። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በክረምት ክፍል ለማሞቅ ከሰል አስገብተው የተኙ ቤተሰቦች ሞት በየጊዜው የምንሰማው ነው። ለማንም ሰው ተናገሩ።

ዕጣን ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ሻጋታውን አይነካም። ጨው በሳህን ማስቀመጥ የሚሠራው አየሩ ከ75 በመቶ በላይ ሲረጥብ ብቻ ነው፤ የሚወስደውም በጣም ትንሽ ነው። ለአንድ ክፍል ምንም አይፈይድም።

ቬንቲሌተር ወይም ኤሲ ያስፈልገኛል?

ቬንቲሌተር እርጥበት አያጠፋም፤ ግን አየሩን ያንቀሳቅሳል፣ ግድግዳው ቶሎ ይደርቃል። ወደ ጠቆረው ማዕዘን አዙሩት። ኤሲ እርጥበት ይቀንሳል፤ ለአብዛኛው የሐዋሳ ቤት ግን ወንፊትና የተከፈተ መስኮት ይበቃል።

የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው። እዚያው እናበስላለን፣ እዚያው እንተኛለን።

እንግዲህ እንፋሎቱን ከምንጩ ቀንሱ። ድስት ክደኑ። ከተቻለ ምድጃውን በር ላይ አውጡት። ሲሊንደር ጋዝ ሲነድም ውሃ ይለቃል፤ ስታበስሉ በርና መስኮት ይከፈት። ከሁሉ በላይ የታጠበ ልብስ ውስጥ አትስጡ። አንድ ዙር ልብስ ሲደርቅ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ አየሩ ይገባል፤ ሁለት ሰው ተኝቶ ከሚያወጣው ይበልጣል። ዝናብ ከያዛችሁ በረንዳ ወይም የጣሪያ ጥላ ስር ገመድ ወጥሩ።

ልጄ ማታ ማታ ያስለዋል። ከሻጋታው ይሆን?

ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳል፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር ከማለትና ከአስም ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ልጁ ሌላ ቤት ሲያድር ከተሻለው ይህ ምልክት ነው፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ሳል ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ ስለዚህ ቤቱን እያደረቃችሁ ልጁን አሳዩት። አልጋውን ግን ዛሬውኑ ከጠቆረው ግድግዳ አርቁት።

ተከራይ ነኝ። አከራዬ «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» ይላሉ።

እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። የላስቲኩን ሙከራ አብራችሁ አድርጉት። ጠብታው ከግድግዳው ከሆነ ጉዳዩ የቤቱ ነው፤ ፎቶ ከነቀኑ ያዙና በእርጋታ አሳዩአቸው። «ቤትዎ እየፈረሰ ነው» የሚለው እውነት «ቀለም ይቀቡልኝ» ከሚለው ልመና የበለጠ ያሳምናል። ጠብታው ከአየሩ ከሆነ ደግሞ ወንፊቱን ግማሽ ግማሽ ለማሠራት ተነጋገሩ፤ ወንፊቱ ቤቱ ላይ ስለሚቀር ብዙ አከራይ እሺ ይላል።

አዲስ ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ በማለዳ ወይም ከዝናብ በኋላ ሂዱ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመታችሁን ሽታ እመኑት። የግድግዳው የታችኛው ክፍል ብቻ በአዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። ግድግዳውን በመዳፍ ዳብሱ። የቤቱ ሁኔታም በጽሑፍ ውሉ ላይ ይስፈር።

ጋቢና ጫማዬስ?

ጋቢ፣ ነጠላና የክት ልብስ በደንብ ሳይደርቅ ላስቲክ ውስጥ ካሸጋችሁት እርጥበቱን አብራችሁ አሸጋችሁት። ፀሐይ ላይ አውጡ፣ እስኪቀዘቅዝ ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ። ናፍታሊን ለብል ነው፤ ሻጋታ አይከላከልም። የሌዘር ጫማና ቀበቶ ላይ ነጭ ነገር ከወጣ ውጭ አውጥታችሁ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁ፣ ቀለም ቀቡ። ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን፣ እርጥበት የሚስብ ፍሬ (ሲሊካ ጄል) የያዘች ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ ጫማው ውስጥ ስትቀመጥ ጥቂትም ቢሆን እርጥበት ትወስዳለች፤ ልጆች እጅ ግን አትግባ።